የኒቢያ እሑዶች

ከሐይቁ ዳር ጣቢያ፣ ኮንጎ
መጋቢት 4

እህት ዓለም፣ ኒቢያ፤

በመጀመሪያ ይቅርታ። ሁለቱ ደብዳቤዎችሽ አንድ ላይ ደረሱኝ። በአንዱ ትስቂያለሽ፣ በሌላው ትቆጪያለሽ፤ የትኛው ቀድሞ እንደተጻፈ ስላላወቅሁ ለሁለቱም እመልሳለሁ። አዎ፣ ጥርሴ ደህና ነው። የታመመውን ሁሉ ከመምጣታችን በፊት የጦሩ ሐኪም ነቅሎ ጨርሶታል፤ የቀረኝ የሚታመም ጥርስ የለም። አዎ፣ ማቴም እንጠጣለን። ቅጠሉ እያለቀ ስለሆነ ግን እኔና የሥራ ጓዴ ያማንዱ በአንዱ ቅጠል ላይ ቀኑን ሙሉ ውሃ ስንሞላ እንውላለን፤ ሲመሽ የምንጠጣው ሙቅ ውሃ ብቻ ነው።

ለምን አትደውልም ላልሽው፣ ጣቢያው ውስጥ ያለው አንድ ስልክ ነው። ስትደውዪ ከኋላሽ የተሰለፈው ወታደር ሁሉ ጆሮውን ያቆማል። ያማንዱ ለእናቱ "እወድሻለሁ" ብሎ ስለተሰማ እስከዛሬ "እወድሻለሁ" እያሉ ነው የሚጠሩት። ደብዳቤ ይሻለኛል።

ሥራዬን ጠይቀሻል። ከሐይቁ ውሃ እንስባለን፣ እናጣራለን፣ መድኃኒት እንጨምርበታለን። የሰላም አስከባሪው ጦር ይጠጣል፤ የተረፈው በአጥሩ በኩል ባወጣነው ቧንቧ ለከተማው ሰውና ከተራራው ሸሽቶ ለወረደው ይሄዳል። የተረፈው እላለሁ እንጂ አብዛኛው እሱ ነው። ማሽኑ ከአገራችን የመጣ ስለሆነ ጠባዩን የምናውቀው እኔና ያማንዱ ብቻ ነን። ቧንቧው ጋ ወረፋ የምታስይዝ ማማ ንሲሚሬ የምትባል ሴትዮ አለች። ማንንም አትፈራም፣ ማንም አልፏት አይቀዳም፤ ባየኋት ቁጥር አንቺ ትዝ ትዪኛለሽ።

በሬዲዮ ሰማሁ ያልሽውን ተኩስ እኛ አልሰማነውም። ሩቅ ነው።

ለሊቀመንበራችን ለዶን ዳርዶ ንገሪልኝ፤ ቃሌን አልረሳሁም። የቤት ማኅበሩ ከእሑዱ ግንባታ እንድቀር የፈቀደልኝ እስከ ሰኔ መጨረሻ ነው። ያኔ እዚያ ካልተገኘሁ ከአባልነት ተሰርዤ ቤቱ እንደሚቀርብን አውቄ ነው የፈረምኩት። የኛም ተራ የሚያልቀው፣ ቅያሪው ጦር የሚመጣውም ሰኔ መጨረሻ ላይ ስለሆነ አትስጊ። ልጄ የራሷ ክፍል ይኖራታል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር አልጋዋን ከጥግ ጥግ መጎተት ይቀራል። እስከዚያ በኔ ቦታ የምትሠሪልኝን ሰዓት ውለታ በምን እንደምከፍልሽ አላውቅም። ሚልካን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ሄበር


ዱራስኖ፣ ኡራጓይ
መጋቢት 27

ሄበር፤

ሁላችንም ደህና ነን፤ ሚልካም የሒሳብ ፈተናዋን አልፋለች። ይህን ካልኩ በኋላ ወደ ነገሬ ልግባ።

ውለታ ውለታ አትበለኝ። ቅዳሜ ማታ ከቄራ ስወጣ ሞራ ሞራ እሸታለሁ፤ እሑድ ጠዋት ሰው አልጋው ውስጥ ሲገላበጥ እኔ ቦቲዬን አጥልቄ ካሪዮላ እገፋለሁ። ካሪዮላው ውለታ አይገባውም፤ ሲሚንቶ ነው የሚገባው። ያም ሆኖ ግድግዳው አልቆ ጣሪያው ላይ ደርሰናል።

የትኛው ነው የኛ ቤት እያልክ ከመሄድህ በፊትም ትነዘንዘኝ ነበር። ስንቴ ልንገርህ? ዕጣ እስኪወጣ ማንም አያውቅም። ባለማወቁም ነው እያንዳንዱ ሰው ሁሉንም ግድግዳ የራሱ አድርጎ የሚያቆመው። ባለፈው የግላዲስ ባል አንዱን ግድግዳ አጣሞት ነበር። ዶን ዳርዶ ገላመጠውና፣ በዚያች ቀጭን ድምፁ፣ "ይሄኛው ላንተ የወጣ እንደሆነስ?" አለው። ሰውዬው መዶሻ አንስቶ ራሱ አፈረሰው፤ እስኪመሽ ሲገነባው ዋለ።

ሌላም ወሬ አለ። ባለሱቁ አባላችን እሑድ ዕለት በራሱ ቦታ የቀን ሠራተኛ ልኮ ነበር። ዶን ዳርዶ ልጁን አስቀምጦ ማቴ አጠጣው፣ የአባቱን ጤና ጠየቀው፣ ሸኘው። ከዚያ ባለሱቁን አስጠርቶ፣ "እዚህ ሰዓት አይሸጥም፣ አይገዛም። ገንዘብ ያለው በገንዘቡ ከወጣ፣ ካሪዮላውን የሚገፋው ድሃው ብቻ ይሆናል" አለው። ባለሱቁ አኩርፎ ሄደ፤ በሚቀጥለው እሑድ ግን አካፋ ይዞ መጣ። እጁ ውሃ ቋጥሮ ስናይ ከልባችን ሳቅን።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ መልሱን ደግሞ በጥርስህ ወሬ እንዳታልፈው። ሬዲዮው እናንተን ሊቀይር የነበረው አገር ሐሳቡን ለወጠ ይላል። እውነት ነው?

እህትህ ኒቢያ


ከሐይቁ ዳር ጣቢያ
ሚያዝያ 15

እህት ዓለም፤

ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ። አሞኝ አይደለም፤ ለጥያቄሽ የምመልሰው ጠፍቶኝ ነው። ሚልካ የሒሳብ ፈተናዋን ማለፏ ደስ አሰኝቶኛል። የምልክላት የሐይቅ ጠጠር ከደብዳቤው ጋር አለ።

እውነት ነው። የሚቀይረን አገር ትቶታል፤ ምክንያቱን የነገረን የለም። ሻለቃችን ሰብስቦን "ቅያሪ እየተፈለገ ነው" ሲለን ያማንዱ "ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ይውጣ" አለ፤ ሻለቃው ሳይቀር ሳቀ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። ለዚህ ሥራ ገንዘብ የሚያወጡት ሌሎች ናቸው፣ ሰው የምንልከው ሌሎች። የከፈለው አይመጣም፣ የመጣው የሚከፍለው የለውም። የዓመቱ በጀት የሚዘጋው ሰኔ መጨረሻ ነው፤ ለሚቀጥለው ማን ምን ያህል እንደሚያዋጣ እስኪስማሙ አዲስ ጦር አውሮፕላን ላይ አይወጣም አሉ። እስከዚያ ያለነውን ያሸጋሽጉናል። ባለፈው ሳምንት ከጣቢያችን ከግማሽ የሚበልጠውን ወደ ሌላ ከተማ ወሰዱት። እዚያም ሰው ጠፍቶ ነው። አሁን እኔም ከማሽኑ ስላቀቅ ጠመንጃ ይዤ የጥበቃ ማማ ላይ እወጣለሁ። አትደንግጪ፤ የማየው ሐይቅና ፍየል ብቻ ነው።

ፈቃደኛ የሆነ ስድስት ወር መጨመር ይችላል ተብሏል። አልፈረምኩም።

አንቺ ብቻሽን መልፋትሽ ግን ውስጤን በልቶታል። ስለዚህ አንድ ነገር አድርጌአለሁ፤ ከኔ ስሚው። ለፈቃድ ወደ አገር በሚገባ ሃምሳ አለቃ እጅ ለዶን ዳርዶ ፖስታ ልኬያለሁ። ውስጡ እኔ እስክመጣ ድረስ ጠንካራ ጎረምሳ የሚቀጠርበት ገንዘብ አለ። ባለሱቁ ያደረገው ስንፍና ነው፤ የኔ ግን ችግር ነው። ልዩነቱ ይገባቸዋል። አንቺም እሑድ እሑድ ትንሽ ታርፊያለሽ።

ወንድምሽ ሄበር


ዱራስኖ
ግንቦት 5

ሄበር፤

ሰላምታውን መጨረሻ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ከበረደልኝ።

ፖስታህ ደረሰ። ለማኅበሩ የመጣ ደብዳቤ ሁሉ በጉባኤ ፊት ተከፍቶ እንደሚነበብ ረስተኸዋል። ዶን ዳርዶ መነጽሩን አድርጎ "ከአባላችን ከአስር አለቃ ሄበር፣ ከኮንጎ" ሲል ሰው ሁሉ ፈገግ አለ፤ ሴቶቹ ወደ እኔ ዞሩ። ሰላምታ የላክህላቸው መስሏቸው ነው። እኔም መስሎኝ ነበር፤ ደረቴን ነፍቼ ተቀምጬ ነበር። ከዚያ ገንዘቡ ወጣ። ቀጥሎ "ጎረምሳ ቅጠሩበት" የሚለው ተነበበ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ባለሱቁ ከኋላ ሆኖ፣ "እኔ ብልክ ኃጢአት፣ ወታደሩ ቢልክ ጽድቅ ነው?" አለ። እውነቱን እኮ ነው።

"የከፈለው አይመጣም" ብለህ የጻፍክልኝ አንተ አይደለህም? የዚያን ቀን ደብዳቤህን ሳነብ ለአንተ አዝኜ ነበር። አንተ ግን ያንኑ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ዞረህ በእኛ ላይ አደረግኸው። አንተን ጠመንጃ አሸክሞ ማማ ላይ ያወጣህ አሠራር እሱ አይደለም ወይ? ከኔ ይልቅ አንተ ይህን ማወቅ ነበረብህ። ለኔ ማሰብህን አውቃለሁ፤ እሱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ፣ መሳደብ እንኳን እንዳልችል አድርገኸኛል።

ገንዘቡ ተመልሶልኛል፤ ስትመጣ ትወስደዋለህ። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። እስከዚያ ቀን ሰው ስላንተ ሲያወራ በአዘኔታ ነበር፤ አሁን ደንቡን ያስታውሳሉ። ሰኔ ካለቀ በኋላ ባለው እሑድ ስለ አባልነትህ ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ነው የቤቱ ዕጣ የሚወጣው። ሰኔ ሲያልቅ እዚህ ከሌለህ የሚራራልህ የለም፤ ፖስታው ባይመጣ ኖሮ ምናልባት ይራሩልህ ነበር።

ሰላም ለአንተ ይሁን። አልበረደልኝም።

ኒቢያ

አባዬ፣ እኔ ሚልካ ነኝ። ደብዳቤውን ወደ ፖስታ ቤት የምወስደው እኔ ስለሆንኩ ከሥር እየጨመርኩ ነው። የአክስቴ ቀኝ እጅ በፋሻ ታስሯል። ሲሚንቶ ማቡኪያው ያዛት። ፊደሉ የተንጋደደው በግራ እጇ ስለምትጽፍ ነው። እንዳልነግርህ አስምላኛለች። ጠጠሯ ቆንጆ ናት።


ከሐይቁ ዳር ጣቢያ
ግንቦት 22

ኒቢያ፣ እህት ዓለም፤

ከእጅሽ እንጀምር። ጣት ነው ወይስ ክንድ? ሐኪም አይቶታል? ቄራው ምን አለ? ሚልካን እንዳትቆጪያት፤ የኔ ልጅ ባትሆን ኖሮ እንዲህ ደፍራ አትጽፍም ነበር። የደበቅሽኝ እንዳልጨነቅ ነው፤ እኔ ግን ከደብዳቤው ወዲህ ሌላ ሐሳብ የለኝም።

ስለ ፖስታው የምለው የለኝም። ልክ ነሽ። ዶን ዳርዶን ይቅርታ የምጠይቀው በጽሑፍ አይደለም፤ አካፋ ይዤ ነው።

እዚህ ያማንዱን ትንሽ አሞታል፤ ለጊዜው ማሽኑን ብቻዬን ይዣለሁ። ከላይኛው ሰፈር የሐይቁን ውሃ እንዳለ የጠጣው ሰው እየወደቀ ነው፤ ሐኪሞቹ ኮሌራ ነው ብለዋል። ከኛ ቧንቧ የሚቀዳው አልታመመም። ይህ በመሰማቱ ወረፋው ከአጥሩ አልፎ እስከ ዓሣ ገበያው ደርሷል። ማማ ንሲሚሬ ድምፅዋ ዘግቶ አሁን በዱላ ጀሪካን እየነካች ነው ተራ የምታስይዘው።

ሻለቃችን ትናንት አነጋገረኝ። ጨዋ ሰው ነው፣ አላስገደደኝም። "አንተን የሚተካ ባለሙያ ተጠይቋል፤ በጀቱ ሳይጸድቅ ግን አይመጣም። አንተ ከሄድክ ማሽኑን አሽጌ እሸኝሃለሁ፤ የማያውቅ ሰው ነክቶት የተበላሸ ውሃ ቢያጠጣ ተጠያቂው እኔ ነኝ" አለኝ። ቢያስገድደኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ግን እመጣለሁ። ሰኔ 20 በሚነሳው አውሮፕላን ስሜ ተይዟል። የማንም አገር ወታደር የፈረመበት ጊዜ ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እኔም አላፍርበትም። ለሚልካ ቤት ነው የመጣሁት፣ ለሚልካ ቤት እመለሳለሁ።

ሄበር


ዱራስኖ
ሰኔ 7

ሄበር፤

"ያማንዱን ትንሽ አሞታል" ብለህ ጻፍክልኝ። ደብዳቤህ በደረሰ ማግስት እናቱ መጣች። ልጇ ጭኑን በጥይት ተመትቶ ሞንቴቪዴዮ ሆስፒታል ተኝቷል። አጥሩ ጋ እንደተተኮሰባችሁና አንተ ጎትተህ እንዳስገባኸው ለሷ ነግሯታል። "ልጅሽን አመሰግናለሁ በይልኝ" አለችኝ፤ እናትህ ነው የመሰልኳት። ምንም የማላውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ፍየልና ሐይቅ ብቻ ነው የማየው ብለኸኝ።

እኔም ልንገርህ እንግዲህ፤ መደባበቁ ይብቃን። ሁለት ጣቶቼ ተሰብረዋል። አንደኛው ከእንግዲህ አይታጠፍም ብለውኛል። ቄራው "ቢላ መያዝ እስክትችዪ" ብሎ አሳርፎኛል። እሑድ ግን አንድም ቀን አልቀረሁም፤ በግራ እጄ ጡብ አቀብላለሁ። ዶን ዳርዶ "ቤትሽ ተኚ፣ ሰዓቱን እኔ አውቃለሁ" ብሎኝ ነበር። አልተኛሁም። ከፖስታው በኋላ ማንም ምንም እንዲያውቅልኝ አልፈልግም።

እንደምትመጣ ጽፈሃል። አምኜህ ነበር፤ ግን ደብዳቤህን ደግሜ ሳነበው ስለ ውሃው ብዙ ጻፍክ፣ ስለ አውሮፕላኑ ሁለት መስመር። አውቅሃለሁ። ልጅ ሆነህም ልትዋሽ ስትል ነገር ታሳጥር ነበር።

ስለዚህ ስማኝ። አባልነቱ በአንተ ስም ነው። አንተ ከሌለህ እኔ ለማኅበሩ ከአንተ ቤት የመጣሁ የሰው እጅ ነኝ፤ ሌላ ምንም አይደለሁም። ግድግዳው ሁሉ በኔ ላብ ቢቆምም ዕጣው ውስጥ እጄን አላስገባም። ይኸው ነው ያስጨነቀኝ።

ወደ ጦር ስትገባ ሂድ ያልኩህ እኔ ነኝ። የሚልካ እናት ጥላችሁ ስትሄድ ምንም ሳልል ልብሴን ይዤ የገባሁ እኔ ነኝ። ለዚህ ተልእኮ ስትሄድም ሻንጣህን የዘጋሁት እኔ ነኝ። በዕድሜዬ ና ብዬህ አላውቅም። አሁን ና።

ኒቢያ


ከሐይቁ ዳር ጣቢያ
ሰኔ 22

ኒቢያ፤

አልተሳፈርኩም።

ሰበብ መደርደር እችላለሁ፤ አንቺ ግን ሰበብ የምትወጂ ሴት ስላልሆንሽ የሆነውን ብቻ ልንገርሽ። ሻንጣዬን አስሬ መኪናው እስኪመጣ ቧንቧው ጋ ሄድኩ። ማማ ንሲሚሬ እንደምሄድ ሰምታለች። ታለቅሳለች፣ ትለምነኛለች ብዬ ልቤን አጠንክሬ ነበር። አልለመነችኝም። በአስተርጓሚው በኩል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። "ስትሄድ ቧንቧውን እንዴት አድርገን እንዝጋው? የሚመጡት ሰዎች ሲመጡ ተበላሽቶ እንዳያገኙት" አለች። የሚመጣ ሰው አለ ብላ ነው የምታምነው።

አሳያታለሁ ብዬ እጀታውን ያዝኩ፣ መዝጋት አቃተኝ። መኪናው መጣ፣ ጡሩንባ ነፋ፣ ሄደ። ሻለቃችን ሲያየኝ የማራዘሚያ ወረቀቱን ይዞልኝ መጣ፣ ፈረምኩ። ምትኬ እስኪመጣ ድረስ ይላል።

እንደ ጀግና እንዳታዪኝ። ሌባ የሆንኩ ነው የሚመስለኝ። የአንቺን ጣት፣ የአንቺን እሑድ፣ የልጄን ክፍል ወስጄ ለማላውቀው ሰው ሰጠሁ፤ የሰጠሁት የራሴ ቢሆን ምን አለበት። ና ብለሽኝ ነበር። ደብዳቤሽ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ እሱን ይዤ ነው የቀረሁት።

ጉባኤው ላይ ስለ እኔ አትከራከሪ። የሚሉትን ይበሉ። ለሚልካ ምን እንደምትነግሪያት አንቺ ታውቂያለሽ።

ሄበር


ዱራስኖ
ሐምሌ 9

ሄበር፤

ደብዳቤህ የደረሰው ከጉባኤው በፊት ነው። ዕድለኛ ነህ ወይም አይደለህም፤ ስትጨርስ ትፈርዳለህ።

ከሰዓት በኋላ አዳራሽ የሚሆነው ቦታ ላይ ተሰበሰብን፤ ጣሪያ ገና የለውም፣ ብርዱ አጥንት ይገባ ነበር። ሴቶቹ ጣፋጭ ጠብሰው አመጡ፤ ማንም አልበላም። ዶን ዳርዶ ደንቡን አነበበ። አባሉ በተፈቀደለት ጊዜ አልተገኘም፣ ይሰረዝ ወይስ አይሰረዝ? ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ስለ ወንድምሽ የምትዪው አለ?" አለኝ።

"ስለ ወንድሜ የለኝም፤ ስለ ራሴ ግን አለኝ" አልኩ። "እሑድ እሑድ እዚህ የመጣው ማን ነው? ሄበር ነው? ጣሪያውን ስናለብስ ከታች ያቀበላችሁ እጅ የማን ነው? ሰዓት አይሸጥም፣ አይገዛም ብላችኋል። እንግዲያው የኔ ሰዓት ለወንድሜ እንዴት ተሰጠ? እሱን ሰርዙት፤ እኔን ጻፉኝ" አልኩ።

ባለሱቁ "ተንኮል ነው" አለ። "አንድ ቤት ናቸው፤ ስም ቀይረው ያንኑ ሰው ሊያስገቡብን ነው።" ብዙ ሰው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ግላዲስ ተነሳች፤ ታውቃታለህ፣ ነገር አታለሳልስም። "ወንድምሽ ነገ መጥቶ ቤቴን ቢልሽስ?" አለችኝ።

"የኔ ነው እለዋለሁ።"

"ልጁ ውስጥ እያለች?"

"ልጁ ከኔ ጋር ትኖራለች። እሱ ግን ይጠይቀኛል። እሺ ካልኩ ይገባል፣ እንቢ ካልኩ ደጅ ያድራል" አልኩ።

የዋሸሁ እንዳይመስልህ። አፌ ሲናገረው ነው እውነት መሆኑን ያወቅሁት። በአባታችን ቤት እናታችንን አስታምሜ ኖርኩ፤ ከዚያ ሚልካን ላሳድግ ከአንተ ቤት ገባሁ፤ አሁን ደግሞ ለአንተ ቤት ልሠራ ወጣሁ። የኔ የምለው ደጃፍ ኖሮኝ አያውቅም፤ ፈልጌው እንደነበር እንኳ ለራሴ ነግሬው አላውቅም።

ድምፅ ተሰጠ። መጀመሪያ አንተ ትሰረዝ የሚለው ነበር። ምክንያቱም አንተ ካልወጣህ እኔ አልገባም። እስክትመጣ ድረስ በምትክህ ድምፅ እንድሰጥ የፈቀድክልኝ አንተ ነህ፣ አስታውስ። እጄን አወጣሁ። ያንተ ድምፅ ነበር፤ በራስህ ድምፅ ነው የተሰረዝከው። ከሌላ ሰው ሳይሆን ከኔ እንድትሰማው ነው የጻፍኩት።

ቀጥሎ እኔን መቀበል የሚለው መጣ። ባለሱቁ እስከ መጨረሻው እጁን አጣምሮ ተቀመጠ፤ ሌሎቹ አወጡ። ዕጣውንም በዚያው ቀን አወጣን። ጥግ ያለው ደረሰን። የሚልካ መስኮት ወደ ወንዙ ያያል። በግድግዳው ላይ ጆሮዋን ለጥፋ "ዝናብ አይሰማም" አለችኝ።

ስለ ውሃው አልወቅስህም። እኔም በአንተ ቦታ ብሆን የምሳፈር አይመስለኝም፤ ይህን ለማንም አልነገርኩም። ይቅርታም አልጠይቅህም። ቤቱ የኔ ነው። ስትመጣ አንኳኳ።

ኒቢያ


ከሐይቁ ዳር ጣቢያ
ነሐሴ 4

እህት ዓለም፤

ለዚህ ደብዳቤሽ ብዙ መልስ ጽፌ ብዙ ቀድጃለሁ። የመጀመሪያው ላይ ሰድቤሻለሁ። "ከወንድምሽ ጀርባ" የሚል ነበረበት። አሁንም ተናድጃለሁ፤ ጠዋት ስነሳ እናደዳለሁ፣ ማሽኑን ሳስነሳ እረሳዋለሁ፣ ማታ ይመለስብኛል። መደባበቅ ይብቃን ብለሽ የለ፤ ይኸው።

ምትኬ መጥቷል። ከሌላ አገር ነው፤ ስድስት ይመጣሉ ተብሎ ሁለት መጡ። ቋንቋ ስለማንግባባ ማሽኑን በጣቴ እያሳየሁ አስተምራቸዋለሁ፤ አንደኛው ቶሎ ይገባዋል። ወረፋው ቀንሷል፤ የሚታመመው ሰውም ቀንሷል። የሞቱት ግን ብዙ ናቸው፤ የማማ ንሲሚሬ የእህቷ ልጅም አለችበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ እነሳለሁ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽና ልጨርስ። የጻፍኩልሽን ሁሉ በልቤ ደግሜ ሄድኩበት። ለሚልካ ክፍል ብያለሁ፣ ለሚልካ ቤት ብያለሁ። አንቺ የት እንደምትተኚ አንድም ጊዜ አልጻፍኩም። አስቤውም አላውቅም፤ ከኔ ጋር ትሆናለች ብዬ አልፌዋለሁ፣ እንደ ዕቃ። ድምፄን ሳትጠይቂኝ ሰጠሽው ብዬ ነበር የተናደድኩት። ብትጠይቂኝ ግን እንቢ እል ነበር። ይህን ሳውቅ ነው የቀደድኩት።

ስለዚህ እጠይቃለሁ። ልጄ ካለችበት ቤትሽ ልግባ? ብትፈቅጂ ወጥ ቤቱ ጥግም ይበቃኛል። ብትከለክዪኝ ያማንዱ እናት ጋ አድራለሁ፤ አላኮርፍም፣ ቢያንስ ለረጅም ጊዜ አላኮርፍም።

አዳራሹ ጣሪያ እንደሌለው ጽፈሻል፤ ስለዚህ የእሑዱ ሥራ ገና አላለቀም። የፈቀድሽ እንደሆነ ጣትሽ እስኪድን በአንቺ ቦታ እኔ እሠራለሁ። ዶን ዳርዶ ማን ነህ ካለኝ፣ ከኒቢያ ቤት የመጣሁ የሰው እጅ ነኝ እለዋለሁ። ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የሚጀመረው?

ሄበር